ዕድል የበዛበት ካርታ መቼ ይወሰዳል? በዲጂታል የካርታ ጨዋታ ሪስክን (የመጎዳት አደጋን) የመመዘኛ ዝርዝር መመሪያ

በካርታ ጨዋታ የተሸነፈ ሰው ሰበብ አያጣም። «ካርታው አልመጣልኝም» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ አልመጣለትም። ግን ያ ካርታ ካልመጣ ጉድ እንደሚፈላ ቀደም ብሎ፣ ገና ሲመርጥ፣ ማወቅ ይችል ነበር። ይህ መመሪያ ስለዚያች ሰዓት ነው። ሦስት ካርታ ስክሪኑ ላይ ተደርድሮ «አንዱን ውሰዱ» ስትባሉ ምን ምን ማስላት አለባችሁ?

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኛው ተጫዋች «ይህ ካርታ በአማካይ ስንት ያመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ግን ተራው ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከከፋ ምን ያሳጣኛል? እሱንስ አሁን ባለሁበት ሁኔታ እችለዋለሁ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ያው አንድ ካርታ አሁን ጥሩ ምርጫ ሆኖ፣ ከሦስት ውጊያ በኋላ እብደት ሊሆን ይችላል።

ዋናው ምሳሌዬ ስሌይ ዘ ስፓየር ነው፤ ለብቻ ከጨዋታው ጠላቶች ጋር የሚገጠሙበት የካርታ ጨዋታ። እግረ መንገዴን ከሌላ ሰው ጋር የሚገጠሙበትን ሃርዝስቶንንና ባላትሮንም እጠራለሁ። ሌላ ጨዋታ የምትጫወቱም ስሌቱ ያው ስለሆነ አትቸገሩም።

ከመጀመራችን በፊት፦ ሕጉ በአጭሩ

ስሌይ ዘ ስፓየርን የሠራው ሜጋክሪት የሚባል አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። ሙሉ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ሲሆን በኮምፒውተርም በስልክም ይሠራል። አንዴ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ በገንዘብ የሚሸጥ የካርታ ፓኬት የለውም። ሪስክ ለመለማመድ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብትሳሳቱ ኪሳችሁ አይነካም።

አይረንክላድ በሚባለው ተዋጊ እንጀምር። 80 የሕይወት ነጥብ አለው። ዴኩ (የሚጫወትበት የካርታ ክምር) 10 ካርታ ነው፦ 6 የሚመታ «ስትራይክ» 5፣ 5 መከታ የሚሰጥ «ዲፌንድ» 4፣ እንዲሁም 1 «ባሽ»። ባሽ 8 ይመታል፤ ጠላትንም ለ2 ዙር ያጋልጣል። የተጋለጠ ጠላት የሚደርስበት ምት በ50% ይጨምራል። በየዙሩ 5 ካርታ ትስባላችሁ፣ 3 ጉልበት ይሰጣችኋል። ያልተጫወታችሁት ካርታ ዙሩ ሲያልቅ ይጣላል። የሚሳበው ክምር ሲያልቅ የተጣለው ተበውዞ ይመለሳል። ከውጊያ በኋላ 3 ካርታ ይቀርብላችኋል፤ ወይ 1 ትወስዳላችሁ ወይ ታልፋላችሁ። ከሞታችሁ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

የዚህ ጨዋታ ደስ የሚለው ነገር ጠላት በዚህ ዙር ምን ሊያደርግ እንደሆነ ጭንቅላቱ ላይ ተጽፎ መታየቱ ነው። 14 ሊመታችሁ ከሆነ 14 ይላል። በተራ ውጊያ ዙሩ ሲጀመር የማታውቁት ነገር በአብዛኛው የራሳችሁ ካርታ የሚያመጣውን ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ዕድሉ የሚመጣው ከውሳኔያችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሁሉም ዕድል አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ መጀመሪያ ይታይና ከዚያ ትወስናላችሁ። አምስት ካርታ ሳባችሁ፣ አያችሁ፣ ከዚያ የሚሆነውን ተጫወታችሁ። ይህ ዕድል ቢከፋም መላ አለው። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ የሆነውን ታያላችሁ። ካርታውን ጣላችሁ፣ ጉልበቱ ሄደ፣ ምቱ ማን ላይ እንዳረፈ የምታውቁት ካረፈ በኋላ ነው።

«ትሩ ግሪት» የሚባለውን ካርታ እዩ። 7 መከታ ይሰጣል፣ ከዚያ በእጃችሁ ካሉት ካርታዎች አንዱን በዕጣ ለውጊያው ዘመን ሁሉ ያቃጥላል። ባሻችሁን ሊያቃጥል ይችላል፤ የማትፈልጉትን ስትራይክም ሊያቃጥል ይችላል። ካርታውን ስታሻሽሉት ግን 9 መከታ ይሰጣል፤ የሚቃጠለውን የምትመርጡትም እናንተ ናችሁ። ጀማሪ ይህን ሲያይ «2 መከታ ለመጨመር ማሻሻያ አላባክንም» ይላል። የተጨመረችው 2 እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ትልቁ ነገር ያ ዕጣ ምርጫ መሆኑ ነው። ሳይሻሻል አስጊ፣ ከተሻሻለ በኋላ ደግሞ ዴክ የሚያጸዳ ሁለት የተለያየ ካርታ ነው ብላችሁ ብትይዙት ይሻላል።

ሃርዝስቶንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ «ዲስከቨር» የሚባል ስልት አስገባ፤ ሦስት ካርታ በዕጣ ይታያችሁና አንዱን ትመርጣላችሁ። ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ «አንስቴብል ፖርታል» ያሉት ካርታዎች የመጣላችሁን ብቻ ነበር የሚሰጡት። ሁለት ካርታ በጥንካሬ ተቀራራቢ ሆነው ከታዩአችሁ፣ አይታችሁ የምትወስኑበትን ውሰዱ። ይህችን ብቻ ብትይዙ እንኳ ብዙ ሽንፈት ትቀንሳላችሁ።

ደረጃ 2፦ ዴካችሁን ቁጠሩ

ዴክ እንደ ዕቁብ ነው። የደረሰው ሰው ዳግም ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ወሩ በገፋ ቁጥር ያልደረሳቸው ሰዎች ዕድል እየጨመረ ይሄዳል። የተሳበ ካርታም ክምሩ እስኪያልቅ አይመለስም። በመጀመሪያው እጅ ባሽ ካልመጣ፣ በሁለተኛው የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። 10 ካርታ ባለው መነሻ ዴክ ደግሞ በመጀመሪያው እጅ ካልመጣ በሁለተኛው የግድ ይመጣል፤ የቀሩት 5 ብቻ ናቸውና።

ቁጥሩ ቀላል ነው። አንድ የተወሰነ ካርታ በመጀመሪያው እጅ የመምጣት ዕድሉ 5 ለዴካችሁ ብዛት ሲካፈል ነው። በ10 ካርታ ዴክ 50%። በ15፣ 33%። በ20፣ 25%። በ30፣ 17% ገደማ። እያንዳንዱ «ይሁን፣ አይጎዳኝም» ብላችሁ የጨመራችሁት ካርታ የቀረውን ሁሉ ያርቃል። ለዚህ ነው ጎበዝ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ሦስቱንም አልፈው የሚሄዱት። ማለፍ ነጻ ነው። ሱቅ ስትገቡ ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ካርታ ማስወጣት ይቻላል፤ የመጀመሪያው 75 ወርቅ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ 25 እየጨመረ። ስትራይክ ለማስወጣት መክፈል ለጀማሪ ሞኝነት ይመስለዋል። አይደለም።

ዋናው ወጥመድ ያለው «አብረው ቢመጡ ይገርማሉ» የምትሏቸው ጥንድ ካርታዎች ላይ ነው። 15 ካርታ ባለው ዴክ ሁለቱም በመጀመሪያው እጅ የመምጣታቸው ዕድል 9.5% ብቻ ነው። በ20 ካርታ ዴክ 5% ገደማ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ያ የሚያምር ጥምረት የተቀረጸው በመጣበት ቀን ነው። በሌላው ቀን ሁለቱም ለየብቻ ሲመጡ ይሠራሉ ወይ? ለየብቻ የማይረባ ካርታ ከሆነ እለፉት። አንዱ ካርታ ሁለት ቅጂ ሲኖረው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ በ15 ካርታ ዴክ ቢያንስ አንዱ በመጀመሪያው እጅ የመገኘት ዕድሉ 57% ነው። ስለዚህ የግድ የሚያስፈልጋችሁን ሥራ የሚሠራ ካርታ ሁለት መያዝ ከአንድ ድንቅ ጥምረት ይበልጣል።

በነገራችን ላይ ጨዋታው ውስጥ ያለው ዕጣ ሁሉ ንጹሕ ዕጣ አይደለም። በስሌይ ዘ ስፓየር ከውጊያ በኋላ መድኃኒት የማግኘት ዕድሉ ሲጀመር 40% ነው። ካልወጣ ለሚቀጥለው በ10% ይጨምራል፣ ከወጣ በ10% ይቀንሳል። ብርቅ ካርታም ተራ ካርታ በታየ ቁጥር ዕድሉ በጥቂቱ ከፍ ይላል። «ደርሶኝ አያውቅም፣ አሁን ይደርሰኛል» የሚለው ስሜት እዚህ ጋ እውነት አለው። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ዕጣ በሚወጣለት ካርታ ላይ ግን ይኸው ስሜት ውሸት ነው፤ ሦስት ጊዜ የሳተ ካርታ በአራተኛው ላይ ምንም ዕዳ የለበትም።

ደረጃ 3፦ አማካዩን ተዉትና የምትፈልጉትን ቁጥር ያዙ

በሃርዝስቶን የሻማን ወገን «ክራክል» የሚባል ካርታ አለው። ከ3 እስከ 6 ይመታል። አማካዩ 4.5 ነው። አሁን ፊታችሁ ያለው ጠላት 5 ነጥብ ሕይወት ቢኖረው 4.5 ምን ይነግራችኋል? ምንም። የምትፈልጉት 5 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ከአራቱ ውጤቶች ሁለቱ ያደርሱታል። 50%። ጠላቱ 4 ቢኖረው 75%፣ 6 ቢኖረው 25%። ያው ካርታ፣ ያው አማካይ፣ ሦስት የተለያየ ውሳኔ።

ስለዚህ ካርታ ስትመርጡ «የሚያስፈልገኝ ቁጥር ስንት ነው? ስንቱ ውጤት ያደርሰዋል?» ብላችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ካልኩሌተር አያስፈልግም።

አንድ ሌላ እንቁጠር። አይረንክላድ «ሶርድ ቡመራንግ» የሚባል ካርታ አለው። በ1 ጉልበት፣ 3 የሚመታ ምት ሦስት ጊዜ በዕጣ ይጥላል። ድምሩ 9 ነው፣ ስትራይክ ደግሞ 6። ጠላት አንድ ብቻ ሲሆን ዕጣ የሚባል ነገር የለም፤ 9ኙም እሱ ላይ ያርፋል። ጠላት ሁለት ሆነው አንዱ 6 ነጥብ ቀርቶት ልትጨርሱት ከፈለጋችሁስ? ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ እሱን ማግኘት አለባቸው። 50%። ሦስት ጠላት ካለ 26% ገደማ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት 6 የሚመታው ያ የተናቀ ስትራይክ 100% ነው። የካርታው ጽሑፍ ላይ «በዕጣ» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ አትሽሹ፤ ስንት ጠላት እንደሚጠብቃችሁ አስቡ።

የተደራረበ ዕድልንም ተጠንቀቁ። 75% ሲባል «ይሳካል» ብሎ ማንበብ ይቀናናል። ዕቅዳችሁ ሁለት 75% ተከታትለው እንዲሳኩ የሚፈልግ ከሆነ 56% ላይ ናችሁ። ሦስት ከሆነ 42%። እንግዲህ «አይቀርም» ያላችሁት ነገር ከመሆኑ ይልቅ አለመሆኑ ይቀርባል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ የከፋውን ውጤት ከያዛችሁት ሕይወት ጋር አስተያዩት

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ከእያንዳንዱ ዕድል ያለበት ካርታ ፊት ሁለት ጥያቄ አንሱ። አንደኛ፣ ሳይሳካ ሲቀር የሚሆነው ምንድን ነው? ጥቅሙ ይቀንሳል ወይስ ጉዳት ይደርስብኛል? ሶርድ ቡመራንግ ሲከፋ ምቱ ይበተናል፣ ግን 9ኙ ምት የትም አልጠፋም። ያልተሻሻለ ትሩ ግሪት ሲከፋ ቁልፍ ካርታችሁን ከውጊያው ያስወጣዋል። የመጀመሪያው ቅር ያሰኛል፤ ሁለተኛው ሊገድል ይችላል። ሁለተኛ፣ ያ ጉዳት ቢደርስ ከዚያ በኋላ መጫወት እችላለሁ? 70 ነጥብ ሕይወት ያለው ሰው 14 ቢመታ ይበሳጫል። 12 ያለው ግን አለቀለት።

እውነተኛ ምርጫ እንውሰድ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ናችሁ። ዴካችሁ 11 ካርታ ነው። ከፊታችሁ ኤሊት የሚባለው ከባድ ውጊያ አለ። የቀረቡላችሁ ሦስት ካርታዎች ሶርድ ቡመራንግ፣ 8 መከታ ሰጥቶ 1 ካርታ የሚያስስበው «ሽረግ ኢት ኦፍ»፣ እና «ዴመን ፎርም» ናቸው። ዴመን ፎርም ብርቅ ካርታ ነው፤ 3 ጉልበት ያስከፍላል፣ ከዚያ በየዙሩ 2 የምት ኃይል ይጨምርላችኋል። ረጅም ውጊያ ላይ የሚያቆመው የለም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ኤሊቶች ሦስት ናቸው፤ የትኛው እንደሚመጣ አታውቁም። ከሦስቱ የሚከፋባችሁ የትኛው ነው? በዚህ ዴክ ግሬምሊን ኖብ ይመስለኛል። ሕይወቱ ከ82 እስከ 86 ነው። በመጀመሪያው ዙር አይመታም፣ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ግን ስኪል የሚባለውን ዓይነት ካርታ በተጫወታችሁ ቁጥር ኃይሉ በ2 ይጨምራል። ዲፌንድ ስኪል ነው። ሽረግ ኢት ኦፍም ስኪል ነው። ስለዚህ «ምንም ዕድል የለበትም» ብላችሁ የምትወስዱት ያ ደህና ካርታ ኖብ ፊት ጠላትን ይመግባል። ሶርድ ቡመራንግ ኖብ ፊት 9 ምት ነው፣ ያለ ምንም ዕጣ።

ዴመን ፎርምስ? ስኪል ስላልሆነ ኖብን አያናድደውም። ከወሰዳችሁት ዴካችሁ 12 ይሆናል፤ በመጀመሪያው እጅ የመምጣት ዕድሉ ከ12ቱ 5፣ ማለትም 42% ነው። ከመጣ ኖብ በሚጮኽበት ዙር በነጻ ትጥሉታላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው የእናንተ ነው። ካልመጣስ? በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ሲመጣ 3ቱንም ጉልበት ይበላና ባዶ እጃችሁን ያስቆማችኋል። ኖብ በመደበኛው ደረጃ በአንድ ምት 14 ያነሳል።

አሁን ሕይወታችሁን ተመልከቱ። 70 ላይ ከሆናችሁ እኔ ዴመን ፎርምን እወስዳለሁ። የከፋው ቀን ቢመጣ ከ20 እስከ 30 ነጥብ ያስከፍለኛል፤ ከፍዬ እተርፋለሁ። ከዚያ ለምዕራፉ ቦስ (መጨረሻው ላይ ለሚጠብቀው ትልቅ ጠላት) እና ለሚቀጥለው ጉዞ የሚያድግ ነገር ይኖረኛል። 25 ላይ ከሆናችሁ ግን ያው የከፋ ቀን ሞት ነው። ሶርድ ቡመራንግን ውሰዱ። መንገዱ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ኤሊቱን ዞራችሁ እለፉ፤ ሪስክ የሚመዘነው በካርታ ምርጫ ብቻ አይደለም። በዚህ ምርጫዬ የማይስማማ ተጫዋች ይኖራል፤ ይከራከር። ግን ክርክሩ ስለ ሕይወት ነጥቡ ከሆነ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነን።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሪስክ አልወድም» የሚል ተጫዋች ሁልጊዜ እርግጠኛውን፣ ትንሹን ካርታ ይሰበስባል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በደንብ ያልፋል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የጠላት ምት ከመከታው እጥፍ ይሆንና ቀስ እያለ ይሞታል። ይህ ሞት ዕጣ ስለሌለበት «ሪስክ» አይመስልም እንጂ ከሁሉም የባሰ ሪስክ ነው። በእርግጠኝነት መሸነፍ ነዋ።

እዚሁ ላይ ከሰው ጋር ስትጫወቱ የሚሠራው ሕግ ይመጣል፦ እየመራችሁ ከሆነ ዕጣ አትጥሩ፤ እየተመራችሁ ከሆነ ጥሩት። በሃርዝስቶን ተጋጣሚያችሁ በሚቀጥለው ዙር እንደሚገድላችሁ እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ 25% የሚሠራ ካርታ ከ0% ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዮግ ሳሮን የሚባለው ካርታ የዚህ ምሳሌ ነው። 10 ማና (የሃርዝስቶን ጉልበት) ያስከፍላል፤ በጨዋታው ውስጥ ለተጠቀማችሁበት ለእያንዳንዱ አስማት አንድ የዕጣ አስማት ይተኩሳል፣ ዒላማውም በዕጣ ነው። የራሳችሁን ሰው ሊገድል ይችላል፤ ሜዳውንም ሊጠርግላችሁ ይችላል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የጨዋታው ሠሪ ብሊዛርድ አዳከመው፤ መሐል ላይ ራሱ ከሞተ ተኩሱ እንዲቆም አደረገ። እየመራ ዮግን የሚጥል ሰው ግን ምን አስቦ እንደሆነ አይገባኝም። ያሸነፈውን ጨዋታ ለዕጣ መልሶ መስጠት ነው።

ባላትሮ ላይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ፣ በፖከር ላይ የተመሠረተ ነው። «ግሮስ ሚሼል» የሚባል ጆከር (ነጥባችሁን የሚያሳድግ ልዩ ካርታ) አለ። በማባዣው ላይ 15 ይጨምርላችኋል፣ ለጅማሬ ብዙ ነው። ግን ዙር ባለቀ ቁጥር ከ6 አንድ የመጥፋት ዕድል አለው። 3 ዙር የመቆየት ዕድሉ 58% ነው፤ 4 ዙር 48%፤ 6 ዙር 33%። እንግዲህ ውሰዱት ወይስ አትውሰዱት? ውሰዱት፣ ግን በእሱ ላይ ቤት አትሥሩ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ያሻግራችሁ፤ እስከዚያ ገንዘብ ሰብስባችሁ ተተኪ ፈልጉ። ሲጠፋ ደንግጣችሁ ከተቀመጣችሁ ዕቅድ አልነበራችሁም ማለት ነው። ከጠፋ በኋላ «ካቨንዲሽ» የሚባለው ሱቅ ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ማባዣውን በ3 ያባዛል፣ የመጥፋት ዕድሉም ከ1000 አንድ ነው። ፈጣሪው እየቀለደ ነው። ግሮስ ሚሼል ድሮ የዓለም ገበያ ላይ የነበረው የሙዝ ዝርያ ነው፤ የፓናማ በሽታ እርሻዎቹን ሲያጠፋ በእሱ ፈንታ የገባው ካቨንዲሽ ነው።

ደረጃ 5፦ ዕጣውን ራሳችሁ አጥብቡት

ካርታውን ከወሰዳችሁ በኋላም ዕድሉን መለወጥ ይቻላል። ቅደም ተከተል ነው ጉዳዩ።

ያልተሻሻለውን ትሩ ግሪት መጨረሻ ላይ ተጫወቱት። ጥሩ ጥሩውን ቀድማችሁ ከተጫወታችሁ በእጃችሁ የሚቀረው ትርፍ ካርታ ብቻ ነው። አንድ ብቻ ከቀረ ደግሞ ዕጣ የለም፤ የሚቃጠለው እሱ ነው።

ሶርድ ቡመራንግን ከመጣላችሁ በፊት አነስተኛውን ጠላት በስትራይክ ጨርሱት። ሦስት የነበረው ዒላማ ሁለት ይሆናል። በሃርዝስቶን ራግናሮስ የሚባለው ካርታ በዙሩ መጨረሻ 8 የሚያህል እሳት በዕጣ ይለቅቃል። ተጋጣሚያችሁ ሦስት ሎሌ ካለው፣ እሳቱ እሱን ራሱን የማግኘት ዕድሉ 25% ነው። መጀመሪያ ሎሌዎቹን ካጸዳችሁ 100%።

ካርታ የሚያስስብ ካርታ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ተጫወቱት፣ ሌላ ምክንያት ከሌለ በስተቀር። ምን እንደያዛችሁ ሳታውቁ ጉልበታችሁን አትጨርሱ።

ደረጃ 6፦ አንድ ትልቅ ዕጣ ወይስ ብዙ ትንንሽ?

ስሌይ ዘ ስፓየር ውስጥ «ስኔኮ አይ» የሚባል ሪሊክ (እስከ ጉዞው መጨረሻ አብሯችሁ የሚቆይ ዕቃ) አለ፤ ከቦስ በኋላ ከሚቀርቡት ሦስት አንዱ ሆኖ ይመጣል። በየዙሩ 2 ተጨማሪ ካርታ ያስስባል። በምላሹ የምትስቡት ካርታ ሁሉ ዋጋው በዕጣ ይሆናል፦ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3። ጀማሪ ሲያየው ይሸሻል። ትርምስ ይመስላላ።

አስሉት። አማካይ ዋጋው 1.5 ነው። በእጃችሁ 7 ካርታ ይኖራል። ሰባቱም 2 እና 3 ሆነው የሚመጡበት ዕድል ከ128 አንድ ነው። ማለትም እያንዳንዱ ካርታ ዕጣ ቢሆንም፣ እጁ በጠቅላላው ሲታይ የተረጋጋ ነው። ብዙ ትንንሽ ዕጣ እርስ በርሱ ይተራረማል። ውጊያውን ሁሉ የሚወስን አንድ ትልቅ ዕጣ ግን ማንም አያርመውም። በዚህ ምክንያት በየዙሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣ ትንሽ ዕጣ አያስፈራኝም፤ በውጊያ አንዴ የሚወጣ ትልቅ ዕጣ ያስፈራኛል።

ታዲያ ስኔኮ አይን ሁልጊዜ ልውሰድ? ዴካችሁን ተመልከቱ። 2 እና 3 የሚያስከፍሉ ከባድ ካርታዎች ከበዙ ወደ 1.5 ሲወርዱ ታተርፋላችሁ። ዴካችሁ በ0 እና በ1 ካርታዎች የተሞላ ከሆነ ግን ርካሹን አስወድዳችሁ መግዛታችሁ ነው፤ እለፉት። ከወሰዳችሁት ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው የካርታ ምርጫችሁ ይለወጣል። 3 የሚያስከፍል ትልቅ ካርታ ሲቀርብላችሁ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ።

ደረጃ 7፦ ውሳኔውን ከውጤቱ ለይታችሁ መዝግቡ

80% የነበረው ምርጫ ከአምስት ጊዜ አንዴ ይከሽፋል። ሲከሽፍ «ሁለተኛ አልነካውም» ማለት የሰው ልማድ ነው። በተቃራኒው 10% የነበረ ዕብደት ሲሳካ ተጫዋቹ ጀግና ነኝ ብሎ ይደግመዋል። ሁለተኛው የበለጠ ይጎዳል፤ ያሸነፈ ሰው ራሱን አይመረምርምና።

ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱ። ከባድ ምርጫ ሲገጥማችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ወሰድኩ፣ የሚሳካበት ዕድል በግምት ስንት ነው፣ ካልተሳካ ምን እሆናለሁ። ይህን ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት፤ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ሁሌም ለራስ ያደላል። ከጉዞው በኋላ ተመለሱና «60%» ያላችኋቸውን ሰብስባችሁ እዩ። ከአሥሩ ስድስት አካባቢ ከተሳኩ ግምታችሁ ደህና ነው። ሦስት ብቻ ከሆኑ ወይ ትንሽ ጠብቁ፣ ናሙናው ጥቂት ነው፤ ወይም ደግሞ ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለውን ቁጥር ስትቆጥሩ የምትዘሉት ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የተደራረበው ዕድል ነው።

ስሌይ ዘ ስፓየር የድሮ ጉዞዎቻችሁን መዝገብ ራሱ ያስቀምጥላችኋል፤ በየፎቁ ምን እንደቀረበና ምን እንደወሰዳችሁ ይታያል። እያንዳንዱ ጉዞ «ሲድ» የሚባል መለያ አለው። ያንን ቁጥር አዲስ ጉዞ ስትጀምሩ ካስገባችሁት ያው ጉዞ ይመለስላችኋል፤ ያው መንገድ፣ ያው ቦስ። የጠረጠራችሁት ምርጫ ጋ ስትደርሱ ሌላውን ካርታ ወስዳችሁ ሞክሩት። በሲድ የተጫወታችሁት ጉዞ ለሽልማት ስለማይቆጠር ብትሞቱም ግድ የለም።